ጅማ ላይ የደጋ ተክል ለማሳደግ፦ መስታወት፣ ላስቲክ ወይስ ፖሊካርቦኔት?

ግቢዬን ያዩ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፤ ጅብራ፣ አስታና ጦስኝ የተባሉትን የደጋ ተክሎች የማሳድግበትን ትንሽ ቤት በርካሽ ላስቲክ መሸፈን ሲቻል ለምን በመስታወት እንዳሠራሁት ይጠይቁኛል። ጅማ የቡና አገር ስለሆነች የችግኝ ቤት ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚታየን የእንጨት ማገርና ላስቲክ፣ ወይም የሣር ዳስ ነው። እኔም የጀመርኩት በላስቲክ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሁለቱንም ጊዜ ከስሬበታለሁ። ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ መስታወት ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለምና ያወጣሁትን ሁሉ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ጣሪያው ለምን እንደሚያስፈልግ መለየት ይገባል። ጅማ በ1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ጅብራ ደግሞ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌና በጮቄ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚበቅል፣ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ የደጋ ተክል እዚህ ሲመጣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሙቀት አይደለም። የሚገድለው በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር የሚደርሰው ዝናባችን በእምብርቱ ላይ ተኝቶ ሲያበሰብሰውና አየሩ ሳይንቀሳቀስ ሲታፈንበት ነው። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ዝናብን የሚመልስ፣ ብርሃንን የማይቀንስ ጣሪያና አራቱም ጎኑ በዶሮ ሽቦ ብቻ የታጠረ ክፍት ቤት ነው። ጎኑን ጭምር በላስቲክ የሸፈነ ሰው ለቲማቲም የሚሆን ቤት ሠርቷል እንጂ ለጅብራ አልሠራም።

የመጀመሪያውን ላስቲክ የገዛሁት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ሻጩ ፀሐይ የሚቋቋም ባለ 200 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) የግሪን ሃውስ ላስቲክ መሆኑን ነግሮኝ፣ በጠርዙም ላይ ይኸው ቁጥር ታትሞበት ስለነበር 20 ካሬ ሜትር በ65 ብር ሒሳብ 1,300 ብር ከፍዬ ወሰድኩ። ለባሕር ዛፍ ማገሩና ለአናጢው 2,400 ብር ወጣ። ግንቦት ላይ ላስቲኩ ማገሩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ስነካው እንደ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ እየተሰነጠቀ በጣቴ ላይ ይቀር ጀመር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከወገቡ ተቀደደ፤ ውኃው በአንድ ወገን ተጠራቅሞ በነበረበት ቦታ ሁሉ በማሰሮዎቹ ላይ ወረደ። ከ40 የጦስኝ ማሰሮዎች 31ዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሥራቸው ጠቁረው ሞቱ። ጮቄ አካባቢ ከአንድ ገበሬ ይዞታ በባለቤቱ ፈቃድ ከለቀምኩት ዘር የበቀሉት የጅብራ ችግኞችም አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ጅብራ ለማበብ ብዙ ዓመት የሚፈጅና አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ፣ ይህን ኪሳራ በብር ማስላት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው የላስቲክን ውፍረት በሚዛን ማወቅ እንደሚቻል የተረዳሁት። ላስቲክ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወደ 0.92 ግራም ስለሚመዝን፣ እውነተኛ ባለ 200 ማይክሮን ላስቲክ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተቆርጦ ሲመዘን 184 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከቀዳዳው ላስቲክ አንድ ካሬ ቆርጬ፣ አቧራውን አጥቤና አድርቄ፣ አጣጥፌ በአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 112 ግራም ሆነ፤ ማለትም ውፍረቱ ከ120 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ላስቲክ ለመግዛት የወሰነ ሰው ይህን ምርመራ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያድርግ፤ ቁራጭ ለማስመዘን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመውም ትቶት ይሂድ። ላስቲኩን ከፀሐይ የሚከላከለው ንጥረ ነገር መኖር አለመኖሩ ግን በዓይንም በሚዛንም ስለማይለይ፣ ውፍረቱ ትክክል የሆነ ላስቲክም ሊያታልል ይችላል።

ሁለተኛውን ላስቲክ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በካሬ 110 ብር፣ በድምሩ 2,200 ብር ገዝቼ ለጭነት 350 ብር ጨመርኩበት። ይህኛው በሚዛን ትክክለኛ ነበር፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሳይቀደድም ቆየ። ነገር ግን በሁለተኛው በጋ ወደ ቢጫነት ተለወጠ፣ የመንገዱ ቀይ አቧራ ላዩ ላይ ተጣብቆ በእጥበት አልለቅ አለ፣ ጦስኙም ብርሃን ፍለጋ እየተሳበ ቀጥኖ ወደቀ። የደጋ ተክል ተጠቅጥቆና አጥሮ ካላደገ ጤናማ አይደለም።

ስለ ፖሊካርቦኔት፣ ማለትም በውስጡ ቦዮች ስላሉት ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ፣ ብዙ አልልም። አንድ ወዳጄ ባለ 6 ሚሊሜትሩን ገዝቶ ስላሠራ ከእሱ ጋር ሆኜ ተከታትዬዋለሁ። ቀላልና በረዶ የማይሰብረው መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጹ ብቻ ስለሚኖር ሠራተኛው ገልብጦ ካሰረው ቶሎ ይበላሻል፤ ጫፎቹ በደንብ ካልታሸጉም በውስጡ ባሉት ቦዮች አቧራና አረንጓዴ አልጌ ይገባና የሚያወጣው አይገኝም። የወዳጄ ጣሪያ አንድ ጥግ ተሰንጥቆ መቀየር ሲያስፈልግ በቁራጭ የሚሸጥ ስላላገኘ፣ 2.10 በ5.80 ሜትር የሆነውን ሙሉ ሉህ ለመግዛት ተገደደ። ከአዲስ መስታወት የሚበልጥ ዋጋ ከፍሎ ከመስታወት ያነሰ ብርሃን ማግኘት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የመስታወቱን ቤት በየካቲት 2016 ዓ.ም. አሠራሁ። አዲስ ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት በወቅቱ በካሬ 1,300 ብር ሲጠየቅ፣ ከፈረሱ ቤቶች መስኮት የወጣውን አሮጌ መስታወት በካሬ 450 ብር አገኘሁ። ጣሪያዬ 12 ካሬ ቢሆንም በሚቆረጠው ጠርዝ ምክንያት 14 ካሬ ገዝቼ 6,300 ብር ከፈልኩ። ብረቱና ብየዳው 18,500፣ ቆራጩ 1,400፣ መስታወቱን የሚያጣብቁት ስቱኮና ሲልኮን 1,200 ብር ሲሆን ድምሩ 27,400 ብር ይመጣል። ሁለቱ ላስቲኮች ከነማገራቸውና ከነጭነታቸው የበሉት 6,250 ብር ስለሆነ መስታወቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ብረቱ ነው፤ የአንድ ካሬ ሜትር መስታወት ክብደት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2.5 ኪሎ ስለሆነ የእኔ ጣሪያ ብቻ 120 ኪሎ ይመዝናል፣ ያንን የሚጣመም ባሕር ዛፍ ላይ መጫን አይቻልም። እኔ ለምሰሶው ቱቦላሬ የተባለውን ውስጡ ባዶ ብረት፣ መስታወቱ ለሚቀመጥበት ደግሞ ኤልቲዜድ የተባለውን የመስኮት ብረት ተጠቅሜአለሁ።

ቆራጩን ሁሉንም 40 በ60 ሴንቲሜትር እንዲያደርግልኝ የጠየቅኩት ለጥገና ብዬ ነው፤ አቮካዶ ወድቆ አንዱን ሲሰብረው ምትኩ የ108 ብር መስታወት ብቻ ሆነ፤ ስቱኮውን ፍቄ ራሴው በአንድ ጠዋት ተካሁት። በዚህም ንግድ ማጭበርበር ስላለ መስታወቱን ካሊበር በተባለው የውፍረት መለኪያ መለካት ያስፈልጋል፤ ባለ 4 ተብሎ የሚሸጠው ባለ 3 ሆኖ ይገኛል፣ እሱን ደግሞ በረዶ ይሰብረዋል። ሰማያዊና ቡናማ መስታወት በነጻ ቢሰጥም ብርሃን ስለሚቀንስ አይወሰድ። በበጋ የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ላዩን በቀጭን ኖራ እቀባዋለሁ፤ የክረምቱ ዝናብ ራሱ ያጥበዋል።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ብረቱን በብየዳ ሳይሆን በብሎን ቢያሳስር ሲለቅ ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። ለቡና ችግኝና ለአትክልት ብቻ የሚፈልግ ግን የተመዘነ ላስቲክ ይበቃዋል፤ 27,000 ብር አያውጣ። መስታወት የመረጠ ሰው ብየዳውን ከግንቦት በፊት ይጨርስ፣ ከዚያው ከገዛው መስታወትም አምስት ያህል ትርፍ አስቆርጦ ግድግዳ ተደግፎ በደረቅ ቦታ ያቁም፤ በኋላ የሚገኘው አሮጌ መስታወት ውፍረቱ ስለሚለያይ በኤልቲዜዱ ላይ እኩል አይቀመጥም።