እማዬን ላዳኑልን የጆንስ ሆፕኪንስ ማዮሳይቲስ ሴንተር ሰዎች ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖቼ፣ ባልቲሞር ያለው ማዮሳይቲስ (የጡንቻ ብግነት በሽታ) የሚያክመው ሴንተር ለእማዬ ያደረገላትን ሳልናገር ዝም ብል ደስ አይለኝም፣ ደሞ ከናንተ መሃልም እንዲህ የሚያማት እናት ያለችው ሰው አይጠፋም።

እማዬ ለኮሌስትሮል ስታቲን ትወስድ ነበር። ቀስ በቀስ ጉልበቷ ከዳት፣ ቤተክርስቲያን ሰግዳ መነሳት አቃታት፣ ሻሽ ለማሰር እንኳን እጇ ከትከሻ በላይ እምቢ አላት። አንዱ ብርድ ነው ይላል ሌላው እርጅና ነው ይላል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የጉበት ኢንዛይሟ ከፍ ብሏል ብለው ጉበቷን ሲመረምሩ ከረሙ፣ ስታቲኑን ቢያስቆሟትም ድክመቱ ባሰባት።

ሆፕኪንስ ያየቻት ዶክተር ግን ገና ከመጀመሪያው "እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሱ" አለቻት፣ እማዬ ሞክራ ሞክራ አልቻለችም። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከጉበት ብቻ ሳይሆን ከተጎዳ ጡንቻም እንደሚወጡ አስረዳችንና ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ አዘዘች፣ የጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ከ200 አካባቢ አያልፍም፣ የእማዬ ሺዎች ገብቷል! ቀጥሎ ኤችኤምጂሲአር የሚባል የራሷ ሰውነት ኢንዛይም ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ ተገኘባት፣ ማለትም የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ጡንቻዋን እያጠቃ ነው፣ መድሃኒቱ ቢቆምም እሱ በራሱ አያቆምም። ይሄን አንቲቦዲ በ2011 ለይተው ያሳወቁት እዛው ሆፕኪንስ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ይሄን ጥቃት የሚያበርዱ ፕሬድኒሶንና ሜቶትሬክሴት፣ ከሜቶትሬክሴቱ ጋር ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን፣ በደም ስር ደሞ አይቪአይጂ (ከሰዎች ደም የሚዘጋጅ አንቲቦዲ) ጀመሩላት። በስልክ ያስተረጎመችልን ልጅ ዘመኗ ይባረክ፣ ሜቶትሬክሴቱ "በሳምንት አንዴ ነው፣ በየቀኑ አይደለም እማማ" እያለች እማዬ በራሷ አፍ እስክትደግመው ድረስ አልለቀቀቻትም። በየቀኑ ቢወሰድ ሰው ሊገድል ይችላል። ነርሶቹም አይቪአይጂው ሰዓታት ሲፈጅ ብርድ ልብስ እየደረቡላት እንደ እናታቸው ነው የያዟት። ዛሬ ሻሿን ራሷ ታስራለች፣ ደረጃም ትወጣለች፣ ህክምናው ገና ይቀጥላል።

እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ ስታቲን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ይሄ በሽታ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚመጣው፣ ስታቲን ደሞ ልብን ይጠብቃል። ግን ከወንበር መነሳት፣ እጅ ማንሳት ወይ መዋጥ እያቃታችሁ ጉበት ነው ከተባላችሁ "ሲኬ ይታይልኝ" በሉ። ወደ ሴንተሩ ለመሄድ ፕራይመሪ ዶክተራችሁ ሪፈራል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ የድሮ የደም ውጤትና የምትወስዱትን መድሃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀጠሮ ስትይዙም አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አይከፈልበትም።