ሳዑዲ ስደርስ ማንን ልያዝ? የአገር ልጅን ወይስ ኤጀንሲን?

ከደሴ፣ ከከሚሴ፣ ከሐይቅ የሚሄዱ እህቶች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ወጪ፦ በሕጋዊ ኤጀንሲ ስትሄጂ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት የአሠሪው ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያንቺ። የአገር ልጅ ብር አይጠይቅሽም። ግን ውለታ አለ፤ ውለታ ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ቅለት፦ እዚህ ላይ የአገር ልጅን የሚያህል የለም። ዓረብኛው ሳይገባሽ፣ ሆድሽ ሲብስ፣ "አብሽሪ" የምትልሽ እሷ ናት። በዕረፍት ቀን ቡና ታፈላልሻለች፣ እቁብ ታስገባሻለች፣ ብር በየት እንደሚላክ ታሳይሻለች። ኤጀንሲው ይህን አያደርግም። አንዳንዱማ ስልክም አያነሳም።

ስጋት፦ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። "ከዚያ ቤት ውጪ፣ የተሻለ ሥራ አለ" የሚል የአገር ልጅ ከመጣ ቆም በይ። ከወጣሽ አሠሪው "ጠፍታለች" ብሎ ሊያስመዘግብሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ መኖሪያሽ ሕጋዊ አይሆንም። በውል የሄደች ግን ደሞዝ ሲቀርባት የምትጠይቀው አካል አላት። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ቆንስላ አለ። የውሉን ፎቶ ለቤተሰብሽ ላኪ።

ገና ወሎ ካለሽ ኤጀንሲው ይቅደም። ደርሰሽ ብቸኝነቱ ከጠናብሽ የአገር ልጆችን ፈልጊ። ደሞዝ ከተከለከልሽ ወይም ከተመታሽ ደግሞ ሁለቱንም፣ በዚያው ቀን።