14 ወር ከኤፒአይ 560 ጋር፦ ጥንድ አርጌ ገዝቼ ለየብቻ ነው የማሰራቸው

ሁለቱን የኤፒአይ 560 ድምፅ ማስተካከያ ሞጁሎች ራኩ (ሞጁሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ውስጥ ከሰካኋቸው 14 ወር አለፈ። የመጀመሪያው ወር ላይ ብጽፍ ኖሮ ውዳሴ ብቻ ነበር ምጽፈው፣ አራተኛው ወር ላይ ብጽፍ ደሞ ግምገማ ሳይሆን የሽያጭ ማስታወቂያ ይሆን ነበር (የእውነት አንድ ልጅ ጋር ተነጋግሬ ነበር)፣ ስለዚ አሁን ሁለቱም ስሜት ከወጣልኝ በኋላ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ 500 ሲሪስ በሚባለው ራክ ላይ የሚሰካ ግራፊክ ኢኳላይዘር (ባጭሩ ኢኪው፣ የድምፅን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሳሪያ) ነው፣ ቁመቱ ከስንዝር ያነሰ ስፋቱ ሁለት ጣት ምናምን። 10 ስላይደር (ወደላይና ወደታች የሚንሸራተት መያዣ) አለው፣ ከ31 ሄርዝ ይጀምርና 63፣ 125፣ 250፣ 500 እያለ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ኪሎ ሄርዝ አልፎ 16 ላይ ያበቃል፣ እያንዳንዱ ባንድ (ስላይደሩ የሚነካው የድምፅ ክፍል) የበፊቱ እጥፍ ማለት ነው። እያንዳንዱን እስከ 12 ዴሲቤል (ዲቢ፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) መጨመርም መቀነስም ይቻላል። ከዛ ውጪ ያለው ኢኪውውን የሚያስገባና የሚያስወጣ አንድ በተን ነው፣ በቃ። የመውጫ ድምፅ ማስተካከያ የለውም፣ ይቺን ያዙልኝ እመለስባታለሁ።

ሰው ሁሉ ይሄን ነገር የሚወድበት ምክንያት ፕሮፖርሽናል ኪው የሚሉት አሰራሩ ነው። ስላይደሩን ትንሽ ከፍ ስታረጉት ሰፊ ቦታ ነው የሚነካው፣ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይነሳል፣ ወደ ጫፍ እየገፋችሁት ስትሄዱ ግን እየጠበበ እየጠበበ ፊቱ ላይ በተጻፈችው ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ ብቻ ይቀራል። ስለዚ 2 ዲቢ ስትጨምሩ ኢኪው የተነካ አይመስልም፣ ማይኩ የተሻለ ቦታ የተቀመጠ ነው ሚመስለው፣ 9 ዲቢ ስትቆርጡ ደሞ የሚያስቸግረውን ድምፅ ነቅሎ ይወጣል። ከዜሮ እስከ 4 ዲቢ ያለው ክፍል ላይም ስላይደሩ ረዘም ያለ መንገድ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ አብዛኛው ስራችን እዛች ውስጥ ስለሆነ ይሄን ያሰበው ሰው ይባረክ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። እኔ ጥንድ የገዛሁት ማስተር ላይ፣ ሙሉ ሚክሱን (ሁሉም ድምፅ የተቀላቀለበትን ዘፈን) ግራውን በአንዱ ቀኙን በሌላው ላሳልፍበት ነበር። ግራና ቀኙን በአይኔ እኩል አርጌ አዳምጣለሁ፣ ዘፋኙ መሀል መቆም ሲገባው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለኛል፣ ጆሮዬ ነው እያልኩ ስንት ቀን ራሴን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ለሁለቱም አንድ አይነት ፒንክ ኖይዝ (ሽሽሽ የሚል መሞከሪያ ድምፅ) ልኬ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን ላይና ታች) ገልብጬ ደመርኳቸው። እኩል ቢሆኑ ኖሮ ተጠፋፍተው ዝም ማለት ነበረባቸው፣ ስላይደሮቹ ዜሮ ላይ ክሊክ ብለው ሲቀመጡ እውነትም ዝም ሊሉ ምንም አይቀራቸውም፣ ልክ ስላይደር ስነካ ግን ሽሽሽ የሚል ነገር ይተርፋል። በእጅ የሚንቀሳቀስ ነገር እስከሆነ ድረስ የግማሽ ዲቢ ልዩነት የትም አይሄድም። መላው አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያ ሽሽታ እስኪከስም ድረስ በጥፍር ጫፍ መነካካት ነው፣ ይሰራል፣ ግን ለያንዳንዱ ዘፈን ይሄን ማረግ ሰው ያሳብዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሞ ባለቤቱ ተመልሶ ቮካሉን ትንሽ ከፍ አርግልኝ ይላችኋል፣ እናንተ ስልካችሁ ላይ ያለውን የስላይደር ፎቶ እያሰፋችሁ ይሄ 2 ነው 2 ተኩል እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ከራሳችሁ ጋር።

ያዙልኝ ያልኳት ነገርም ዋጋ ያስከፈለችኝ እዚሁ ነው። መውጫው ላይ ድምፅ መቀነሻ ስለሌለ ሶስት አራት ስላይደር ከፍ ባለ ቁጥር ጠቅላላው ይጮሃል፣ የጮኸ ነገር ደሞ ሁሌም ያማረ ይመስላል፣ እኔም በተኗን አብርቼ አጥፍቼ አቤት ልዩነቱ እል ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን በሶፍትዌር እኩል አርጌ ሳነጻጽር ከምወደው ነገር ግማሹ ጩኸት ብቻ ሆኖ አረፈው። አሁን ከመጨመሬ በፊት መጀመሪያ የሚቀነሰውን ነው ምፈልገው፣ ይሄ ልማድ ብቻውን ሚክሶቼን ቀይሯል።

መሸጡን የተውኩት አንዱን ከማስተር ነቅዬ ከፕሪአምፑ (የማይኩን ድምፅ ከሚያጎላው) ቀጥሎ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ላይ፣ ገና ሲቀዳ ያስገባሁት ቀን ነው። 63 ላይ 4 ዲቢ መጨመር፣ ያቺ ካርቶን ካርቶን የምትለው ድምፅ ያለችበት 500 ላይ 5 መቀነስ፣ 4 ኪሎ ላይ መምቻው ቆዳውን ሲነካ እንዲሰማ 3፣ አለቀ። ሰላሳ ሰከንድ አልፈጀም፣ ከበሮ መቺው ራሱ ጆሮው ላይ ባለው ሄድፎን ሰምቶ አመታቱን አስተካከለ፣ ይሄን ለውጥ ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ ኢኪው) በኋላ ቢጨመር አያመጣውም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ነው፣ 31ን እና 63ን ወደታች፣ 16ንም እንደዛው፣ ለቤዙና ለሲምባሉ (ለጸናጽሉ) ቦታ ለቆ ይቀመጣል። ስኔር (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) ላይ ግን 8 ኪሎን ስታነሱ ማይኩ ውስጥ የሚገባው ሃይሃትም (ጎኑ ያለው ጥንድ ሲምባል) አብሮ እንደሚነሳ አትርሱ። ቮካል ሲቀዳ 250 ላይ 2 ዲቢ ከመቀነስ በላይ አልደፍርም፣ ፋይሉ ላይ የገባ ኢኪው አይመለስም።

የማይሰራውንም ልንገራችሁ። ስኔሩ 350 ላይ እንደ ደወል ቢጮህ ወይ ድምፃዊቷ 3 ኪሎ ላይ ጆሮ ብትወጋ ስላይደሮቹ ሁለቱም ጋ የሉም፣ 250 እና 500 መሀል፣ 2 እና 4 መሀል ቀርታችኋል። ሁለቱንም ጎረቤት ስትቀንሱ ከሚያስቸግረው በላይ ደህናው ይጠፋል። ለዛ ፕለጊን ክፈቱ፣ ምንም አያሳፍርም። ይሄ ነገር ድምፅ መቅረጫ ነው፣ ቀዶ ጥገና አይሰራም።

ሌላው ጥቃቅን ነው። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሀም (እምምም የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ) ያረግ ነበር፣ ጥፋቱ የሞጁሉ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ራኩ ውስጥ (የራኩን ስም ልተወው) ከፓወር ሰፕላዩ ጎን አስገብቼው ነው፣ ሩቅ ያለው ቦታ ስወስደው ጠፋ። ራኩን ደሞ ፊቱን ወደላይ አርጌ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼው ስለነበር አቧራው ሁሉ በስላይደሮቹ ቀዳዳ ገባ፣ 125ቷ መንኳኳት ጀመረች፣ በኮንታክት ክሊነር አጸዳሁት፣ አሁን አቁሜ ነው የማስቀምጠው። አንዴ ደሞ በችኮላ ራኩ ሳይጠፋ ሞጁል ነቀልኩ፣ ሞኒተሮቹ (ስፒከሮቹ) ቧ! ሲሉ ልቤ ነው የወጣው፣ ነገርየው ተርፏል ግን አትሞክሩት።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ አንድ ግዙ፣ ቀጥታ መሳሪያ ለምትቀዱበት። ሚክስ ብቻ የምትሰሩ ከሆነ ግን ከኮምፒውተር አውጥቶ መልሶ ማስገባቱም፣ በሪል ታይም (ዘፈኑ እስኪያልቅ እየጠበቁ) መቅዳቱም፣ ፎቶውም ተደምሮ ይሰለቻችኋል።

ሁለተኛውን ሊገዛኝ የነበረው ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል። ጊታር እየቀዳሁበት ነው እለዋለሁ፣ ውሸትም አይደለም።