የመጀመሪያውን ሬይዝ የሚያለማምድ የፖከር መተግበሪያ፦ ከሦስት ወር አጠቃቀም በኋላ

የምኖረው ላስ ቬጋስ ሲሆን የምጫወተውም ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ የግድ የሚያስገቡት ትንሹና ትልቁ መነሻ ገንዘብ) 1 እና 3 ዶላር በሆነ የቴክሳስ ሆልደም ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ የሚይዝበት የፖከር ዓይነት ነው። ላለፉት ሦስት ወራት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሃያ ሃያ ደቂቃ የተለማመድኩበት የስልክ መተግበሪያ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፤ ይኸውም ከእኛ በፊት ማንም በፈቃዱ ገንዘብ ሳያስገባ ተራው ሲደርሰን በየትኛው ካርታ ሬይዝ ማድረግ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ)፣ የትኛውን መጣል እንዳለብን ነው። የማነሣው ጥንካሬና ጉድለት በብዙ መሰል መተግበሪያዎች ላይ የሚታይ በመሆኑ ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም።

መተግበሪያው ሁለት ካርታና የመቀመጫ ቦታ ያሳያል፤ ስንሳሳት ቀይ ያበራል። እኔን ደጋግሞ ያረመኝ አስ እና 10 ምልክታቸው ሲለያይ ነው። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የምንወስነው እኛ ከሆንን ከኋላችን ስምንት ሰው ስላለና ከመካከላቸው አንዱ የተሻለ አስ የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር ይህ ካርታ ይጣላል፤ በተን (ከብላይንዶቹ በፊት ያለው የመጨረሻ ወንበር) ላይ ስንቀመጥ ግን የሚቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ በመሆናቸው ያለ ማመንታት ሬይዝ ይደረግበታል። ይህን ለዓመታት ሲነገረኝ ብሰማም እጄ የለመደው አሁን ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት የካርታዎቹን ክብደት ማሳየቱን ነው። በእጃችን ሊገቡ ከሚችሉት 1,326 የሁለት ካርታ ጥምረቶች ውስጥ እንደ ሁለት አስ ያለ አንድ ጥንድ 6 ጊዜ፣ ምልክታቸው የሚመሳሰል ሁለት ካርታዎች 4 ጊዜ፣ ምልክታቸው የሚለያይ ደግሞ 12 ጊዜ ይገኛሉ። ስለዚህ ምልክቱ የተለያየ አንድ ደካማ ካርታ ወደ ምርጫችን ስንጨምር፣ ተመሳሳይ ምልክት ካለው ሦስት እጥፍ ስህተት እየጨመርን ነው።

ትልቁ ጉድለቱ የሬይዙ መጠን ላይ ነው። መጠኑን የትልቁ ብላይንድ ሁለት እጥፍ ተኩል አድርጎ ቆልፎታል፤ ይህም በእኛ ጠረጴዛ ወደ 8 ዶላር ይጠጋል። የሁለቱን ብላይንዶች 4 ዶላር ለመውሰድ 8 ዶላር ስናወጣ፣ በብላይንዱ ብቻ ለማትረፍ ከሦስት ጊዜ ከሁለቱ በላይ ሁሉም መጣል አለባቸው። በኢንተርኔት ጨዋታ ይህ ሊሠራ ይችላል። እኔ በምቀመጥበት ጠረጴዛ ግን 8 ዶላር አራት ሰው ይጠራል፤ አንድ ጥንድ አስ ይዞ ከአራት ሰው ጋር ፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ የሚገለጡትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች) ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ 15 ዶላር አደርጋለሁ፤ ዓላማዬም ሁሉም እንዲጥል ሳይሆን ደካማ ካርታ የያዘ አንድ ሰው እንዲከተለኝ ነው። መጠኑ ሲያድግ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች እንደ 7 እና 6 ያሉ ትንንሽ ተከታታይ ካርታዎች ምልክታቸው ቢመሳሰልም መውጣት አለባቸው፤ መተግበሪያው ግን አሁንም ሬይዝ አድርግ ይላል።

ከእኛ በፊት ሰዎች ብላይንዱን ብቻ ከፍለው ሲገቡ ምን እንደሚደረግም አያስተምርም። ፊት ለፊት በሚደረግ ጨዋታ ይህ በየደቂቃው የሚያጋጥም ነው፤ እኔ ለገባው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ትልቅ ብላይንድ እጨምራለሁ።

ለጀማሪ፣ በተለይም ከየትኛውም ወንበር በየትኛውም አስ ለሚገባ ሰው፣ ክፍያው ተገቢ ነው እላለሁ። ትንሹ ብላይንድ ላይ ስቀመጥ የምሠራው ስህተት ገና ስላልታረመ እኔም ለአንድ ወር አድሼዋለሁ።