የአባቴ አሥራ አንደኛ እግር

አባቴ ባለፈው ወር አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ተሠራለት። አሥራ አንደኛው ነው። «የት ነው ያሠራችሁት? ጥሩ ነው ወይ?» እያሉ የሚደውሉልኝ ሰዎች ስለበዙ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የወርክሾፑን ስም በውስጥ ለጠየቀኝ እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ ላመስግን። የአባቴ ግራ እግር የተቆረጠው ከጉልበት በታች ነው። ልኬቱን የወሰደው ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫፉን በእጁ ቀስ አድርጎ ዳሰሰው። የቱ ጋ እንደሚያመው፣ የቱ ጋ አጥንቱ ቆዳውን እንደሚገፋው ጠየቀው። በእርሳስ ምልክት አደረገበት። በጄሶ የጠቀለለው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በፊት የሄድንባቸው አንዳንድ ቦታዎች ምንም ሳይጠይቁ ነበር የሚለኩት። ልዩነቱ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው የሚታወቃችሁ፤ ቆዳው ሲላጥ።

ፎርም ሲሞላ እንዲህ አለው፤ «አባባ፣ እግርዎ በምን ምክንያት ነው የተቆረጠው?»

«በጦርነት።»

«በየትኛው?»

አባቴ ለጊዜው መልስ አጣ። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ወታደር የነበሩ ናቸው፤ ከልጁ የሚያንሱም አሉባቸው። መጠየቅ አለበት።

«የሶማሊያው፣ ልጄ። የካራማራው» አለው። ልጁ ቀና ብሎ አየውና ጻፈ።

አባቴ የገበሬ ልጅ ነው። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ሚሊሺያ ሆነ። ሃያ ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ያንን ጦር ለዓመታት ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ናት። የእኛን ጦር ደግሞ ከ1945ቱ ስምምነት ጀምሮ ስታስታጥቅ የኖረችው አሜሪካ። የእኛ አብራሪዎች በአሜሪካ ኤፍ 5 እየበረሩ የሶቪየት ሚግ ሲጥሉ እነዚያ ሁለቱ አገሮች አንዲት ጥይት አልተተኳኮሱም።

ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። ደርግ አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 1969 ላይ፣ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ዘግቶ ነበር። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ደግሞ ኅዳር 1970 ላይ ሶቪየቶችን አባረረ። በዚያው ሰሞን የሶቪየት አውሮፕላኖች ለእኛ መሣሪያ ማጋዝ ጀመሩ። አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር ይባላል። ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደርም መጣ። በ1972 አሜሪካ የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ከዚያድ ባሬ ጋር ተዋዋለች። ሶቪየቶች የጦር ሰፈር አድርገውት የነበረውን ወደብ ማለቴ ነው። እነሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ሲቀያየሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኦጋዴን ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ።

ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተለቀቀች። በሦስተኛው ቀን አባቴ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ፈንጂ ረገጠ። ፈንጂውን የቀበረው ሶቪየት ያስታጠቀችው የሶማሊያ ጦር ነው። አባቴን ጭኖ ሆስፒታል ያደረሰው ኦራል መኪና ደግሞ ሶቪየት ለኢትዮጵያ የሰጠችው ነው። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለገደለውም ለተገደለውም መሣሪያ የሚያቀብል አገር ነበር፤ እግር የሚቀይርለት ግን እስከ ዛሬ የለም። የአባቴ ጡረታ አይበቃም። የአሁኑን የከፈልነው እኔና ወንድሜ አዋጥተን ነው።

ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለአዋቂ በየሦስት በየአምስት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ለሕፃን ደግሞ ስለሚያድግ በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በየዓመቱ። የአባቴ የመጀመሪያው እግር እንጨትና ቆዳ ነበር፤ ሲራመድ ይንቋቋል። እናቴ ስትታመም እንኳ ከየትኛው ክፍል እንደሚመጣ በድምፁ ትለይ ነበር። አሮጌዎቹን አልጋ ሥር ያስቀምጣቸዋል። አይጣሉም ይላል። እኔም እንዲጥል ጠይቄው አላውቅም።

አዲሱ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጠንካራ ፕላስቲክ። ቀላል ነው፣ ውኃም አይጎዳውም። የእግር መዳፉ ላስቲክ ነው። አባቴ እንደሚለው ካደረጋቸው ሁሉ ቀላሉ ይኼ ነው። ግን መጀመሪያ የሰጡን ሶኬት፣ የተቆረጠው እግር ጫፍ የሚገባበት ክፍል፣ ጠበበው። በአራተኛው ቀን ቆዳው ውኃ ቋጠረ። ስንመልሰው «ይለምዱታል» ብለው ሸኙን። አልለመደውም። በሦስተኛው ምልልስ ያው ልኬት የወሰደው ልጅ ራሱ አይቶ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው አባባ» ብሎ ውስጡን በሙቀት አሰፋለት። ከዚያ ወዲህ ቆዳው ደህና ነው። ቆዳው እየቆሰለ «ይለምዱታል» ከተባላችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ። የሰባት ዓመት ሰውም የሰባ ዓመት ሰውም ቁስልን አይለምድም።

እዚያው ወረፋ ስንጠብቅ ከኦጋዴን፣ ከደገሃቡር የመጣች ሴት አገኘን። በልጅነቷ ግመል ስትጠብቅ ነው ፈንጂ የረገጠችው። ጦርነቱ ካለቀ ብዙ ዓመት በኋላ። እሷ በጦርነቱ ጊዜ አልተወለደችም። አባቴ ይኼን ሲሰማ የእሷን እግር ዓይቶ የራሱን ረሳ። «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ ልጄ» አላት። እሷ ግን የመጣችው ለሥራ ነው፣ ለወሬ ጊዜ አልነበራትም። ሶኬቱ ከሰዓት በኋላ ሲላላ ካልሲ ደርቦ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። ጫፉ ቀን ሲውል ይቀንሳል፣ ጠዋት አንድ ካልሲ፣ ከሰዓት ሁለት። በአርባ ሰባት ዓመት ማንም ባለሙያ ያልነገረውን ነው የነገረችው። አሁን እንደዚያ ያደርጋል፤ ሠርቷል።

ለልኬት ስትሄዱ ዘወትር የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ቁመት ነው። አባቴ በነጠላ ጫማ ሄዶ ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጠው።

ከሁሉ ያዘንኩበት ደረጃው ነው። እግር የሚሠራበት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ደረጃ ቆጥሬያለሁ። ሊፍት የለም፣ መደገፊያው ብረት በአንድ ወገን ብቻ ነው። ያንን ለኃላፊው ነግሬዋለሁ፤ ኪራዩ ነው ምክንያቱ አለኝ። እንግዲህ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ፈልጉ፤ ለልኬትና ለመለማመጃ ብቻ ትበቃለች። እኛ ስንወርድ ያቺ የደገሃቡር ሴት ከፊታችን ነበረች። አሮጌ እግሯን በፌስታል ይዛ፣ በአዲሱ እየሞከረች፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ ትወርዳለች። አባቴ ከኋላዋ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት።