አይሪሽ ጂኒያሎጂ፦ ለገጣፎ ተቀምጦ የአየርላንድ የሞት መዝገብ መፈለግ

አየርላንዳዊ አያት ወይም ቅድመ አያት ያለው ሰው ለገጣፎም ይሁን ሱሉልታ ሆኖ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በእጅ የተጻፈውን የሞት መዝገብ ገጽ ማየት ይችላል። ገጹ የሚገኝበት አይሪሽ ጂኒያሎጂ የተባለው የአየርላንድ መንግሥት ድረ ገጽ ክፍያም አባልነትም አይጠይቅም። ስማችሁን ጽፋችሁ ማረጋገጫው ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገና የሟቹን ስም ሲሞላ ነው። በሁለተኛው ቦታ የሚገባው የአባት ስም ሳይሆን ከትውልድ ትውልድ የሚወርደው የቤተሰብ ስም ነው። «ኦብራየን» ካልመጣ «ብራየን» ብላችሁ ድገሙ። ቤተሰብ «በ1905 ሞቱ» ካለም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ በእኛ ከሆነ የሚፈለገው 1912 ወይም 1913 ነው። ዕድሜ በግምት ይጻፍ ስለነበር አጥብባችሁ አትፈልጉ። ምዝገባው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1864 ስለሆነ ከ1845 ጀምሮ በነበረው ታላቅ ረሃብ ያለቁት እዚህ የሉም።

አንድ ገጽ አሥር ሟቾች ይይዛል። የሞት ምክንያቱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት! ቦታው «ወርክሃውስ» ከሆነ፣ ማለትም መንግሥት ድሆችን እያሠራ ያኖርበት የነበረው ቤት፣ ሞቱን ያስመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ኃላፊ ነው። ስለ ሟቹ ዘመዶች የሚያውቀው ጥቂት ነበር። የዚያ ዘመን የአየርላንድ የሞት መዝገብ የወላጅ ስም አይጽፍም ነበር፤ የተመዘገበውም ቤቱ ባለበት ወረዳ እንጂ በትውልድ መንደሩ አይደለም።

የድረ ገጹ ትልቁ ጉድለት ቀብርን አለመንገሩ ነው። ዘመድ አስከሬኑን ከወሰደ በአጥቢያው ይቀበራል፤ ካልወሰደ ግን በወርክሃውሱ መቃብር፣ ስም ያለበት ድንጋይ ሳይቆምለት ያርፋል። እድርተኛ ሳይሸኘው እንደ መቀበር ነው፤ ያሳዝናል። ቀጣዩ በር የወርክሃውሱ የመግቢያ መዝገብ ነው፦ ሃይማኖቱን፣ የትዳር ጓደኛውን ስም፣ ሲገባ የነበረበትን ሁኔታ፣ የመጣበትን መንደር፣ የወጣበትን ወይም የሞተበትን ቀን ይዟል። የደብሊኖቹ ፋይንድ ማይ ፓስት በተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ይገኛሉ። ለሌሎቹ ለአውራጃው ቤተ መዛግብት ጻፉ፤ ስም፣ የወርክሃውሱን ወረዳና የሞተበትን ቀን ግለጹ። ብዙ የመግቢያ መዝገቦች ስለጠፉ የአስተዳዳሪ ቦርዱን ቃለ ጉባኤም አብራችሁ ጠይቁ። ለሞት መዝገቡ ከአምስት አምስት እንሰጠዋለን፤ ለመቃብር ፍለጋ ግን ከሁለት አያልፍም።