የዲ ኤንድ ዲ «ሙሉ ሳጥን» ጅማ ውስጥ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት

ባለፈው ወር አምስት ጓደኛሞች 6,000 ብር አዋጥተን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲ ኤንድ ዲ፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን ጀግና እየሆንን፣ ባለ ቁጥር ዳይስ እየወረወርን ታሪክ የምንጫወትበት ጨዋታ) «ሙሉ ማስጀመሪያ ሳጥን» ገዛን። ተበላን። ሻጩ በቴሌግራም የሚሠራ ሰው ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ግን ሳጥኑ አሁንም እየተሸጠ ነው። ትናንት አንድ የሰፈራችን ልጅ ያንኑ ፎቶ ልኮ «ልግዛው ወይ?» አለኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

3,000 ቀብድ ላክን። ቀሪውን ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ተገናኝተን በእጁ ሰጠነው። ሳጥኑ በላስቲክ ጥብቅ ብሎ ታሽጓል። «ከተከፈተ አይመለስም» አለን። ማሸጊያውን አይተን አመንን። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ላስቲክ ማንም ሱቅ ውስጥ ይታሸጋል።

መጀመሪያ ስለ ደንቡ መጽሐፍ ልንገራችሁ። የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ በነፃ የሚገኝ ነው። አሳታሚው በ2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቆታል፤ 400 ገጽ ገደማ ነው። ምንጩን ጠቅሶ አትሞ መሸጥም አይከለከልም። የእኛ ሻጭ ግን ከዚያ ላይ 60 ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ ሽፋን ለጥፎ፣ ምንጩን ሳይጠቅስ «ኦሪጅናል» ብሎ ሰጠን። የአስማቶቹ ዝርዝር በሙሉ የለም። ጠንቋይ ሆና ልትጫወት የነበረችው ጓደኛችን ምን ትምረጥ?

የጀብዱ መጽሐፉ ይብሳል። አጫዋቻችን፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርክልንና ጨዋታውን የሚመራልን ጓደኛችን፣ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ጠዋት ደወለልኝ። «ዋሻው የለም» አለኝ። ታሪኩ ገጽ 11 ላይ ጀግኖቹን ዋሻው በር ላይ ያደርሳቸዋል፤ ቀጣዩ ወረቀት ገጽ 18 ነው። ካርታውም፣ ውስጥ ያሉት ጭራቆችም የሉም። ድምፁን ብትሰሙት ታዝናላችሁ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠብቆታል።

ዳይሱ ላይ ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ለዲ ኤንድ ዲ የሚያስፈልገው ስብስብ 7 ዳይስ ነው (ቁጥሩ የዳይሱ ገጾች ብዛት ነው)፦ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 20 እና ሁለት ባለ 10። ከሁለቱ ባለ 10 አንዱ 00፣ 10፣ 20 እያለ እስከ 90 የተጻፈበት መሆን አለበት። እኛ የደረሰን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ባለ 20ው ደግሞ መወርወሪያ ሳይሆን መቁጠሪያ ነው። በካርድ ጨዋታ ነጥብ ለመቀነስ የሚሠራ ስለሆነ ቁጥሮቹ በተራ ይከተላሉ፤ 20 አጠገብ 19 አለ፣ ከ19 አጠገብ 18። ትልልቆቹ ቁጥሮች አንድ ጎን ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ አወራወር የለመደ እጅ ወደዚያ ጎን ማዞር ይቀለዋል። በትክክለኛው ባለ 20 ላይ የ20 ጎረቤቶች 2፣ 8 እና 14 ናቸው።

ደወልን። «ነግሬያችሁ ነበር» አለ። ከዚያ ብሎክ አደረገን። ደረሰኝ አልነበረንም።

ስለዚህ ቀብድ አትላኩ። ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ፣ ገጽ ቆጥራችሁ ክፈሉ። «ሲከፈት ዋጋው ይወርዳል» ካላችሁ ተነሱና ሂዱ።

ደግሞም ለመጀመር ሳጥን አያስፈልጋችሁም። ደንቡን በስልክ አውርዱ። ዳይስ የሚወረውር ነፃ አፕ ሞልቷል። እኛ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እየሣልን ነው የምንጫወተው፤ ጀግኖቹ ቆርኪ፣ ጭራቆቹ ጥሬ ቡና ናቸው። የጠፋውን ዋሻ አጫዋቻችን ራሱ ጻፈው፤ ውስጡ ወንዝ አለበት። እስካሁን አልወጣንም።

ሳጥኑን የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ የባለ 20ውን ዳይስ 20 ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር በቅርብ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 19 ከአጠገቡ ካለ፣ ያው የእኛ ሳጥን ነው።